የበላዔ ሰብ ጥርኝ ውሃ

ዛሬ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ግድግዳው ላይ በላዔ ሰብን ፈዝዤ ሳየው ቆየሁ። 78 ሰው በልቶ፣ ለአንድ የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ ዳነ የሚባለው ሰውዬ።

ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ጀልባዋ ላይ ክርክር ተነሳ (የሞተሩ ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል፣ ግን ማን ዝም ይላል!)። ጓደኛዬ "ደግ ነገር ደግ የሆነው እግዚአብሔር ስላዘዘው ነው፣ በቃ" አለ። ሶቅራጥስም ፕላቶን እንደጻፈው ይህንኑ ጠይቋል፤ አማልክት የሚወዱት ቅዱስ ስለሆነ ነው ወይስ ስለወደዱት ነው ቅዱስ የሆነው?

እኔ ደጉን ከክፉው የምንለየው በአእምሯችን ነው ወደሚለው አደላለሁ። ትእዛዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ 78ቱን ስንሰማ፣ ገና አሥርቱ ቃላት ትዝ ሳይሉን፣ ለምን ይዘገንነናል? ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በላዔ ሰብ የለምጻሙን ጥማት እያየ መጀመሪያ እምቢ ብሏል። እጁ የተፈታው የእመቤታችንን ስም ሲሰማ ነው። ጓደኛዬ ይቺን ይዞ ወደብ እስክንደርስ አለቀቀኝም።