ዝርዝር የለኝም

ዛሬም በጓሮ በር ገባሁ።

ከሥራ ስወጣ ሁሉም ነገር አስጠልቶኝ ነበር። ታኅሣሥ ነው፣ እዚህ ቨርጂኒያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጨልማል። ለጾም ወጥ ሽንኩርት ልገዛ ሱፐርማርኬት ጎራ ስል ዋናው በር ላይ ያ የሳልቬሽን አርሚ (ለድሃ ገንዘብ የሚሰበስብ የክርስቲያን ድርጅት ነው) ሰውዬ ቃጭሉን እያቃጨለ ቆሟል። ከጎኑ ገንዘብ የሚጣልበት ቀዩ ድስት ተንጠልጥሏል። ዞሬ በጓሮ፣ አትክልት በሚሸጥበት በኩል ገባሁ። “ዝርዝር የለኝም” እንዳልል ድስቱ ላይ በስልክ መክፈያ ለጥፈውበታል።

ቃጭሉ ግን ውስጥም ይሰማል። ሀገር ቤት መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘቅዝቀው “ስለ ኪዳነ ምሕረት” የሚሉት ትዝ አሉኝ። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሷ ፈትታ ሳንቲም ትጥልላቸው ነበር። ሳንቲሙ ያለቀ ቀን ደግሞ ደጀ ሰላሙ ላይ ለተቀመጡት “እግዜር ይስጥልኝ” ብላ ታልፋለች። ልጅ ሆኜ ምርቃት ይመስለኝ ነበር። “የለኝም” ማለት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጉዳዩን ወደ በላይ አካል መምራት በሉት።

ይሄን ድርጅት የመሠረተው ዊልያም ቡዝ ግን እንዲህ ወደ በላይ መምራት አልሆነለትም መሰለኝ። በልጅነቱ ኖቲንግሃም ውስጥ፣ ድሃ ዕቃውን አስይዞ ገንዘብ የሚበደርበት ሱቅ ተቀጥሮ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1865 ከሚስቱ ከካትሪን ጋር ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ስብከት ጀመሩ፣ በ1878 ደግሞ ስሙን ሳልቬሽን አርሚ፣ የመዳን ሠራዊት እንደማለት፣ አሉት። እሱ ጄኔራል፣ ሰባኪዎቹ መኮንን፣ ምእመኑ ወታደር። (ስለ ጄኔራል ለኛ አይነገረንም፣ የነዚህ ስንቅ ግን ሾርባ ነበር።)

በ1887 ማብቂያ ላይ አንድ ሌሊት በለንደን ድልድይ ሲያልፍ ሰዎች ብርድ ላይ ተኝተው ያያል። ልጁን ብራምዌልን ጠርቶ ይሄን ታውቅ ነበር ወይ ይለዋል። ያውቃል። አባትየው ተቆጣና አንድ ነገር አድርግ አለው። በ1888 ላይምሃውስ የሚባል የለንደን ሰፈር ውስጥ ርካሽ ምግብና ማደሪያ ተከፈተ። እኔን የሚያስቀናኝ ግን የክብሪቱ ነገር ነው። ያኔ ክብሪት የሚሠሩ ሴቶችን ነጭ ፎስፈረስ መንጋጋቸውን ይበላቸው ነበር። በ1891 እነ ቡዝ የራሳቸውን ፋብሪካ ከፍተው በቀይ ፎስፈረስ፣ በተሻለ ደመወዝ ያሠሩ ጀመር። ሾርባ መቅዳት አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ሌላ።

ሁሉንም አላሞግስም። የአንዳንዱ ማደሪያ አልጋ ቁርጥ የሬሳ ሣጥን ነበር፣ ለዚያውም በአራት ፔኒ። ስብከትም አለበት። እኔ ብሆን ለሾርባ ብዬ ስብከት እሰማ ነበር? በለንደን ብርድ? ቁጭ ብዬ አሜን እል ነበር።

ድስቱም የመጣው በዚያው በ1891 ነው። ማክፊ የሚባል የነሱ ሻምበል ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለሺህ ድሃ የገና ምሳ ላብላ ብሎ ገንዘብ አጣ። መርከበኛ እያለ ሊቨርፑል ላይ ሳንቲም የሚጣልበት ድስት አይቶ ነበር፣ እሱን አስታውሶ ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ድስት ሰቀለ። እኛ ጃንጥላ፣ እነሱ ድስት።

ይሄን ሳሰላስል ለካ በዋናው በር ወጥቻለሁ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ “እግዚአብሔር ይባርክሽ” አለኝ። ለሰጠም ላልሰጠም እንደዚያ ነው የሚለው። እኔም ሳላስበው፣ በአማርኛ፣ “እግዜር ይስጥልኝ” ብዬው አለፍኩ። ምስጋናው ይሁን የእማዬኛው እኔም አላውቅም።

ቤት ገብቼ ፌስታሉን ስፈታ ዘይት አለ፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አለ፣ ሽንኩርት የለም። ነገ መመለሴ ነው። የአትክልቱን በር ደግሞ ነገ ለጥገና እንዘጋዋለን የሚል ወረቀት ለጥፈውበታል።