«ጥል» ሲሉት «ትል» የሚጽፈው ልጅ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ። አንድ ቀን የሁለተኛ ክፍሉ መምህር አንድ ልጅ ከነደብተሩ ይዘውልኝ መጡ።

«እስቲ ይሄን ተመልከቺልኝ።»

በቃል ጽሕፈት «ቀሰመ» ያሉትን «ከሰመ» ብሎታል። «ጥል» ያሉት «ትል» ሆኗል። ገጹ ቀይ በቀይ ነው።

«ፊደል እንደሁ ያውቃል። ልቡ ነው ክፍል ውስጥ የሌለው» አሉ።

ፊደል ማወቁስ እውነት ነው፤ ገበታውን እንደ ውሃ ይወርደዋል። ግን በዜማ የተሸመደደ ነገር ብዙ ጉድ ይሸፍናል።

እናቱም የጆሮ ምርመራ ውጤት ይዘው መጡ። «ጤነኛ ነው ብለውኛል እኮ፣ እህቴ።» ወረቀቱ አልዋሸም። ምርመራው ጸጥ ባለ ክፍል በጆሮ ማዳመጫ የሚሰጥ ነው። ልጁ «ጢጥ» የምትለዋን ድምፅ መስማቱን ይናገራል እንጂ ጥን ከት መለየቱን አይናገርም።

ሦስት ሥዕል ዘረጋሁለት፦ ትል፣ የሚደባደቡ ልጆች፣ ባንዲራ የለበሰ ሯጭ። ትል፣ ጥል፣ ድል። የምጠራውን በጣቱ ይጠቁማል። ቢሮው ጭር ብሎ ስለነበር አልፎ አልፎ ብቻ ሳተ። በመሀል የዕረፍት ደወል ተደወለና ግቢው በጩኸት ተሞላ። እኔ ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ቀጠልኩ። ልጁ አፌ ላይ አፈጠጠ። ምን ያደርግለታል? ከንፈር ለትም ለጥም ያው ነው። ሁለት ሦስቴ ከሳተ በኋላ ተነስቶ ወንበሩን ያሽከረክር ጀመር። ይሄኔ የገባ ሰው «ቅብጥብጥ» ይለዋል። እኔ ያየሁት ግን መጀመሪያ የጠፋው ድምፁ፣ ቀጥሎ ትኩረቱ መሆኑን ነው።

ማንበብ የሚቸግራቸው ብዙ ልጆች እንዲህ ናቸው። ተቀራራቢ ድምፆችን በጸጥታ ይለያሉ፤ ጫጫታ ሲመጣ ይደባለቅባቸዋል። የእኛ ክፍል ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ክረምት ሲገባ እኔም አልሰማም!

ልጁ የሚቀመጠው መጨረሻ ወንበር፣ ሜዳው ላይ በተከፈተ መስኮት ሥር ነበር። «ይረብሻል» ተብሎ። ወደ ፊት አመጣነው። መምህሩም በወንበሮች መሀል እየተዘዋወሩ ማጻፉን ትተው ፊት ለፊት ቆመው ይጠሩ ጀመር። እኔ ጋ ሲመጣ ስስ ወረቀት አፉ ፊት ይይዛል። «ከ» ሲል ወረቀቱ ይርገበገባል፤ «ቀ» ሲል እምብዛም አይነቃነቅም። ይቺን ጨዋታ ወደዳት። ጆሮው የሚያምታታበትን በዐይኑ ያየዋል።

የቃል ጽሕፈቱ ቀስ በቀስ ተሻሻለ፤ በተለይ ከና ቀ። ቁጭ ማለቱ ግን አሁንም አልሆነለትም፤ ጸጥ ባለ ቦታም፣ በሚወደው ሥራም ላይ ይቁነጠነጣል። የንባብና የትኩረት ችግር አንድ ልጅ ላይ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ አንዱ ሲቃለል ሌላው አብሮ አይጠፋም። ስለዚህ እናቱን የልጆች ሐኪም ዘንድ ላክኋቸው። መምህሩ በክፍል ያዩትን፣ እኔ በቢሮ ያየሁትን ለየብቻ ጽፈን ሰጥተናቸዋል።

«ጆሮውን ድጋሚ ላስመርምረው?» አሉኝ ሲወጡ።

«አይ፣ አሁን ስለ ትኩረቱ ይጠይቁልን» አልኳቸው።