ነጥቧ ቆሻሻ አይደለችም፤ ጎንደር የሰነበትኩባቸው 5 ቀናት

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆኖት ነበር። ከተማው የሠርግ ማግስት ቤት መስሏል። ድንኳኑ ተነቅሏል፣ ሰው ደክሞታል፣ የሆቴል ዋጋ ግን ገና አልወረደም። እኔ በመኪና መምጣት የሚያምረኝ ሰው ነኝ። የዓባይን በረሃ ሳላቋርጥ ጎንደር ብደርስ የመጣሁ አይመስለኝም። ዘንድሮ ግን ቤተሰብ “በአየር ካልሆነ አትሄድም” አለ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ፒያሳ ያደረሰኝ የባጃጅ ሹፌር ጨዋታ ይወዳል።

“ለጉብኝት ነው ጋሼ?”

“ለስልጠና።”

“የምን ስልጠና?”

የግብዣ ደብዳቤው ላይ “ዲጂታል ሂዩማኒቲስ” ነው የሚለው። ይህን ለባጃጅ ሹፌር እንዴት ብዬ ልንገረው? “የድሮ ብራና በኮምፒውተር ማንበብ” አልኩት።

ትንሽ አሰበና “አበል አለው?” አለኝ።

“አለው።”

“እንግዲያ ደህና ስልጠና ነው።”

ሳቅሁ እንጂ ነገሩ እውነት አለው። ታሪክ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው፤ ብዙ ስልጠናም ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ንግግር፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ የቡድን ውይይት፣ በመጨረሻ ሰርተፍኬትና የጋራ ፎቶ። ከ3 ወር በኋላ የተማርነውን ሶፍትዌር የይለፍ ቃል እንኳ የሚያስታውስ አይገኝም። ስለዚህ ጎንደር የመጣሁት በግማሽ ልብ ነው። ሌላው ግማሽ ጥብሱን አስቦ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አዳራሽ ስንገባ አቀማመጣችን ሁሉን ይናገር ነበር። ታሪኮች በአንድ ወገን፣ ግዕዞች በሌላ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች መሀል፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ደግሞ ኋላ፣ ሶኬቱ ጋ። የሴትና የወንድ ወገን ተብሎ የተከፈለ ሠርግ ቤት በሉት። ከግዕዞቹ አጠገብ ነጭ የጠመጠሙ አንድ መሪጌታ ተቀምጠዋል። በግዕዝ ክፍል በኩል የተጋበዙ የአብነት መምህር ናቸው። ሁሉም “የኔታ” ይላቸዋል። የኮምፒውተር ልጆቹ እንግዳ መስለዋቸው ነበር መሰለኝ፣ የመጀመሪያውን ቀን ማንም አልጠየቃቸውም።

አሰልጣኙ ነገሩን በቀላሉ ነው የጀመረው። ብራናውን ፎቶ ታነሳለህ። ምን እንደሆነ፣ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ የት እንደተገኘ ትመዘግባለህ። ከዚያ ጽሑፉን ራሱን ኮምፒውተር ሊፈልገው በሚችል መልክ ትጽፋለህ። የሰው ስም የሰው ስም፣ የቦታ ስም የቦታ ስም ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። ለዚህ ቲኢአይ የሚባል የምልክት አሠራር አለ። ከ1987 (በፈረንጅ፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት “በኛ” ካላልኩ በፈረንጅ ናቸው) ጀምሮ የዓለም ምሁራን ሲያበጁት የቆየ ነው። የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲው “ቤተ መጻሕፍት” የተባለው ፕሮጀክት የኛን ብራናዎች ከ2016 ጀምሮ የሚመዘግበው በዚሁ ነው።

ከዚያ “የራሳችሁን ፋይል ክፈቱ” ተባለ። እዚህ ላይ ነው የተዋረድኩት። የድሮ የመመረቂያ ጽሑፌን በፍላሽ ይዤ መጥቻለሁ፤ በውስጡ ከጎንደር ብራናዎች የገለበጥኳቸው የግዕዝ ጽሑፎች አሉ። በፕሮጀክተር ከፈትኩት። አንድም ፊደል የለም። የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ ሰረዝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አልሳቀም።

ምክንያቱን ያስረዳችን ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ናት። ዩኒኮድ ማለት የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር የጋራ ቁጥር የሚያገኙበት ሰንጠረዥ ነው፤ ግዕዝ የገባበት በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ደብቀው ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ካለ “ሰላም” ይነበባል፣ ፎንቱ ከሌለ ዝባዝንኬ ነው። ደግሞ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ አደባበቅ ነበረው። “ቲቸር፣ ስጡኝና ማታ እቀይረዋለሁ” አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ፍላሼን መለሰችልኝ። ሙሉው ነበር። ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ሥራ አንድ ሌሊት አዳነችው። ከዚያ በኋላ በግማሽ ልብ መቀመጥ ነውር ሆነብኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፋሲል ግቢ ወጣሁ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አሁንም አንገቴን ሰብሬ ነው የማየው። አፄ ፋሲለደስ ከተማዋን በ1636 (በኛ 1628) ሲመሠርቱ የሠሩትን ግንብ ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል። እኔ የምወደው ግን ከዚያ ራቅ ብሎ ያለውን ያነሰውን ሕንፃ ነው። የልጃቸው የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ነበር ይባላል። ዛሬ ባዶ ክፍል ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

የጎንደር መጻሕፍት የት ሄዱ? ከፊሉ መልስ ይታወቃል። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ሲሰበስቡ ብዙውን የወሰዱት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነው። በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ዘረፉት። ምርኮው የተጫነው በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ነው ይባላል። ከብራናዎቹ 350 ያህሉ በመጨረሻ ለንደን ገቡ። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ብዙዎቹ ዲጂታል ሆነው ስለነበር ጎንደር ያለ ሰው በላፕቶፑ የጎንደርን መጽሐፍ ሊያይ ይችል ነበር። ከዚያ በጥቅምት 2023 ቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒውተር ጥቃት ደረሰበት፤ የብራና ምስሎቹ ለወራት ከመረብ ጠፉ። ብራናው መደርደሪያው ላይ አለ። የኛ መንገድ ነው የተዘጋው።

ሌላው ደግሞ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ፎቶ ተነሥተው ቅጂያቸው ሂል ቤተ መጻሕፍት ገባ። እዚያ ተቀምጠው ካታሎጉን ካዘጋጁት ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ነው የሠሩት። ስለ ዲጂታል ሂዩማኒቲስ የሚነገረውን ስሰማ እሳቸው ናቸው ትዝ የሚሉኝ። ማሽኑ ያኔም ነበር፤ ካሜራው ያኔም ነበር። መዝገቡን መዝገብ ያደረገው ብራናውን አንብቦ የሚያውቀው ሰው ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው።

የልምምዱ ብራና ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ነበር። በጎንደሬው ጉልሕ የተጻፈ፣ ክብ ክብ ያለ፣ አይን የሚሞላ ፊደል። ከቃላቱ በላይ ትንንሽ ፊደላትና ምልክቶች ተደርድረዋል፤ ያው የዜማ ምልክት ናቸው። ያቺ ፋይሌን ያዳነችልኝ ተማሪ ገጹን ኮምፒውተር እንዲያነብበት እያዘጋጀች ነው። መጀመሪያ ምስሉን “አጸዳችው”። ብራና ላይ የዝንብ ጠብታ አለ፣ የሻማ ጠብታ አለ፣ የፀጉር ቀዳዳ አለ። ፕሮግራሙ ትንንሹን ጥቁር ነጥብ ሁሉ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ጠረገው። ገጹ ንጹሕ ሆነ። ደስ አላት። በትልቁ ስክሪን አሳየችን።

የኔታ መነጽራቸውን አደረጉ። ቀረብ አሉ። የመጀመሪያውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩና ቆሙ።

“ይዘቱን ማን ወሰደው?”

“ምኑን የኔታ?”

“ነጥቧን። እዚህ ላይ ነጥብ ነበረች።”

“እሷማ ቆሻሻ መስላኝ…”

“ቆሻሻ አይደለችም ልጄ። ይዘት ናት። እሷ ከሌለች ድምፁ የት ይያዛል?”

ከዚያም ያንን መስመር በዝቅታ አዜሙት። አንድ ጊዜ ነጥቧ እንዳለች፣ አንድ ጊዜ እንደሌለች። እኔ ዜማ አልተማርኩም፤ ልዩነቱ ግን ለኔም ተሰማኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሶኬቱ ጋ ያሉት ልጆች ሳይቀሩ ወንበራቸውን አስጠጉ።

ወዲያው ሌላ ነገር መጣ። ልጅቷ የዩኒኮድን ሰንጠረዥ ከፈተች። የዜማ ምልክቶቹ ከ2005 ጀምሮ ቁጥር ተሰጥቷቸው እዚያ አሉ፤ እሷ ግን ምን እንደሆኑ አታውቅም ነበር። የኔታ ምን እንደሆኑ ከልጅነታቸው ያውቃሉ፤ ኮምፒውተር ውስጥ መኖራቸውን ግን ያን ቀን ነው የሰሙት። “ስንት ናቸው?” አሏት። “10።” “ልክ ነው፣ 10 ናቸው” አሉና በጣታቸው ቆጠሩ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ድርስ፣ አንብር። እሷ ከሰንጠረዡ ስታነብ ግን ድርስና አንብር የሉም። በምትካቸው “አጭር ርክርክ” እና “ደረት ሂደት” የሚሉ ተቀምጠዋል። ቁጥሩ ገጥሟል፣ ዝርዝሩ አልገጠመም። የምሳ ሰዓት አለፈ፤ ማንም አልተነሳም። ለስልጠና ይህ ተአምር ነው።

አራተኛው ቀን የኔ ተራ ነበር። በብራና ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የጎንደር ሰዎች የርስት ሽያጭ ይጽፉ ነበር። ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ ዋሱ፣ ምስክሩ፣ ሁሉ አለ። ለታሪክ ሰው ከዚህ የበለጠ ሀብት የለም። ግን ቀኑን እንዴት ለኮምፒውተር ትነግረዋለህ? ሰነዱ “በንጉሣችን በኢያሱ ዘመን፣ በዘመነ ሉቃስ” ብሎ ዝም ይላል። ፎርሙ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ይጠይቃል፤ ያውም በፈረንጅ። ዳግማዊ ኢያሱ ከ1730 እስከ 1755 ነገሡ ብንል እንኳ በመሀሉ ስድስት ያህል ዘመነ ሉቃስ አለ። በመጨረሻ ሰነዱ የሚለውን እንዳለ ጻፍን፣ ከጎኑ “ከዚህ አይቀድምም፣ ከዚህ አያልፍም” የሚል ዳርቻ ሰጠነው። አሠራሩ ይህን ይፈቅዳል። አንድ የኮምፒውተር ልጅ ግን ባዶ ሳጥን ማየት አልቻለም፤ “መሀሉን ቁጥር እናስገባ” አለ። ሁላችንም ጮኽንበት።

ፍለጋው ላይም ተከራከርን። “ፀሐይ” የሚለውን ቃል ብቻ ውሰዱ። በጸሎቱ ጸ እና በፀሐዩ ፀ፣ ከዚያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እያሉ ሲያባዙት 12 አጻጻፍ ይወጣዋል። ኮምፒውተሩ አንዱን ሲፈልግ 11ዱን ያልፋል። የኮምፒውተር ልጆቹ ሐሳብ ሁሉን ወደ አንድ መቀየር ነበር። ግዕዞቹ ሊያብዱ ደረሱ። በግዕዝ ሠረቀ ሌላ፣ ሰረቀ ሌላ ነው፤ አንዱ ወጣ ነው፣ ሌላው ሌባ ነው! ስምምነቱ፦ ጽሑፉ አይነካም፣ ፍለጋው ብቻ ከጀርባ ያመሳስል። ይህን ለመድረስ ሁለት ክፍሎች አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ነበረባቸው። አንድ ሕንፃ ውስጥ ሆነው ለዓመታት ያልተቀመጡ።

አምስተኛው ቀን መብራት ስለጠፋ ስለ ወደፊቱ የተያዘው አቀራረብ ቀረ፤ አልከፋኝም። በጨለማው አዳራሽ ዋናው ጥያቄ ተነሳ። ምስሎቹ የማን ናቸው? የት ይቀመጡ? የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎቹ እስካሁን ዝም ብለው ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ቃሉን ወሰዱት። አንድ ቅጂ ውጭ ቢቀመጥ ግድ የለም፣ አንዱ ግን እዚህ፣ አንዱ ደግሞ ብራናው ባለበት ደብር ይቀመጥ አሉ። አንድ እንግዳ ደብሩ ኮምፒውተር እንደሌለው አነሳ። የኔታ “አትሙልን” አሉ። “ትልቅ አድርጋችሁ። ተማሪዎቼ ዋናውን በእጅ እያገላበጡ ከሚያረጁት ይሻላል።” በእቅዱ ላይ ያልነበረ፣ ግን የመጀመሪያው የተተገበረ ውሳኔ ይህ ሆነ። ማታ ፒያሳ ካለ ማተሚያ ቤት 6 ገጽ አሳተምን። ከአበላችን አዋጥተን። የባጃጁ ሹፌር ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ሰርተፍኬቱን ተቀበልን፣ ፎቶውንም ተነሣን። ቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። በልምዴ እንዲህ ያለ ግሩፕ በሁለተኛው ሳምንት የበዓል ምኞት ብቻ ነው የሚቀረው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው፣ ከክፍል ወጥቼ ስልኬን ሳየው ከልጅቷ መልእክት አለ። ከድጓው አንድ ሙሉ ገጽ፣ ነጥቦቹ ሁሉ በቦታቸው። ከሥሩ እንዲህ ብላለች፦ “ቲቸር፣ 4ኛው መስመር ላይ ያለው ርክርክ ነው ወይስ ሰንጠረዡ አጭር ርክርክ የሚለው? እሁድ የኔታ ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ እጠይቃቸዋለሁ።”