ፍላጻዎቹ የት ሄዱ?

ሎስ አንጀለስ ውስጥ አሮጌ ፊልሞችን አድሶ ለዲስክ በሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት ከተቀጠርኩ አራተኛ ወር ሆኖኝ ነበር። የማታ ፈረቃ ነኝ። ሥራዬ ስካን ተደርጎ የመጣውን ፊልም ከአቧራ፣ ከጭረትና ከቆሻሻ ማጽዳት ነው። በዚያ ሰሞን የደረሰኝ የ1940ዎቹ የሆሊውድ ታሪካዊ ጀብዱ ፊልም ነበር፤ ግንብ፣ ፈረስ፣ ሰይፍና ቀስተኛ የሞላበት። የድርጅቱንም የፊልሙንም ስም ልተወው።

ፊልሙ ቴክኒከለር በሚባለው የድሮ የቀለም ፊልም ዘዴ የተቀረጸ ነው። ያኔ ያ ሁሉ ቀለም የሚገኘው ከሦስት ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቮች ነበር። ትልቁ ካሜራ ውስጥ ሦስቱ አብረው ይሽከረከራሉ፤ ብርሃኑ በፕሪዝም ተከፍሎ አንዱ ቀዩን፣ አንዱ አረንጓዴውን፣ አንዱ ሰማያዊውን ይይዛል። ዘመን ሲያልፍ ታዲያ ሦስቱ እኩል አይኮማተሩም። አንዱ ከሌሎቹ በጥቂቱ እንኳ ካጠረ በተዋናዩ ትከሻ ዙሪያ ቀይ ወይም አረንጓዴ ጠርዝ ይወጣል። ሦስቱን በኮምፒውተር መልሶ የመግጠሙን ሥራ ባልደረቦቼ ጨርሰውት ነበር። ለእኔ የቀረው ቆሻሻው ነው።

100 ደቂቃ ፊልም፣ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲታሰብ፣ 144,000 ፍሬም ነው። ይህን በእጅ ማን ይጨርሰዋል? ስለዚህ ሶፍትዌር አለን። ሶፍትዌሩ አንዱን ፍሬም ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር ያስተያያል። አንድ ነገር በአንዱ ፍሬም ላይ ታይቶ በሚቀጥለው እዚያው ቦታ ላይ ከሌለ አቧራ ነው ብሎ ያነሳዋል፤ ክፍተቱንም ከጎረቤት ፍሬም በወሰደው ምስል ይሞላል። ጥንካሬውን ከፍ አደረግሁት። በሁለት ሌሊት ጨረስኩ። ውጤቱን ድምፁን ዘግቼ፣ በፍጥነት እያሳለፍኩ አየሁት። ስክሪኑ ጠርቶ ሲያበራ ደስ አለኝ።

ሥራውን የሚያዩልን ከ40 ዓመት በላይ በዚህ ሙያ የኖሩ ሰው ናቸው። ግንቡ የሚከበብበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ፊልሙን አቆሙት፤ ወደ ኋላ መልሰው እንደገና ለቀቁት። ቀስተኞቹ ቀስታቸውን ወጥረው ይለቃሉ፤ ግንቡ ላይ ያሉት ወታደሮች ደረታቸውን ይዘው ይወድቃሉ። በመካከል ግን ሰማዩ ባዶ ነው።

«ፍላጻዎቹ የት ሄዱ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሚበር ፍላጻ በአንድ ፍሬም ላይ እዚህ፣ በሚቀጥለው እዚያ ነው። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን እንደ አቧራ ቆጥሮ ለቅሞታል። ሰይፍ ለሰይፍ ሲጋጭ የሚፈናጠረው ብልጭታም፣ ከችቦው የሚበተነው ፍንጣሪም አብሮ ሄዷል። ያ ቀስተኛ ያንን ፍላጻ በእውነት ወርውሮታል፤ ካሜራውም ይዞታል። እኔ በአንዲት ቁልፍ አጠፋሁት። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

አልተቆጡኝም። ከመደርደሪያቸው የአንድ ፊልም ሁለት የብሉ ሬይ ዲስኮች አውጥተው አንዱን ከሌላው አስከትለው አሳዩኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣውን ስፓርታከስን። የመጀመሪያው ዲስክ የ2010 ነው። ምስሉ ንጹሕ ነው፣ ግን ከፊልሙ ጥሬ ዕቃ የሚመጣውን፣ ምስሉ ላይ የሚታየውን ደቃቅ ቅንጣት ለማጥፋት ሲባል የሰዎቹ ፊት እንደ ሰም ለስልሶ ቀርቷል። ሁለተኛው የ2015 ነው፤ በአዲስ ስካን የታደሰው። እዚህ ላይ የግላዲያተሮቹ ላብ፣ የቆዳው ሽብሽብ፣ የጨርቁ ክር ሳይቀር ይታያል። ይኸው ፊልም በ1991 ሲታደስ ከዋናው ቅጂ ተቆርጦ የቀረ የመታጠቢያ ቤት ትዕይንት ተመልሶለታል፤ ምስሉ ቢገኝም ድምፁ ጠፍቶ ነበር። በትዕይንቱ ከሚነጋገሩት ሁለት ተዋናዮች አንዱ፣ ሎረንስ ኦሊቪየር፣ ከእድሳቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ሞቶ ነበር። ሌላው፣ ቶኒ ከርቲስ፣ የራሱን ቃል እንደገና ተናገረ፤ የኦሊቪየርን ደግሞ ተዋናዩ አንቶኒ ሆፕኪንስ ድምፁን አስመስሎ ተናገረለት። የጠፋን አንድ ትዕይንት ለመመለስ ይህን ያህል የሚደክም ሰው አለ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ሳይጠፋ የደረሰኝን አጠፋሁ።

ከዚያ ወደ እኔ ፊልም ተመለስን። ሦስቱን ኔጋቲቮች ለየብቻ ከፈቱልኝ። «አቧራ የሚያርፈው በአንዱ ላይ ነው። ፍላጻ ግን ካሜራው ፊት ያለፈ ነገር ስለሆነ በሦስቱም ላይ አለ» አሉኝ። በቀዩ ላይ አየሁት፣ በአረንጓዴው ላይም፣ በሰማያዊውም። አራት ወር ሙሉ አጠገቤ ያለውን ነገር ከፍቼ አላየሁትም ነበር!

የከበባውን ትዕይንት ከመጀመሪያው ስካን ጀምሬ በእጄ ሠራሁት፤ ስድስት ሌሊት ፈጀብኝ። ሶፍትዌሩን አልተውኩትም፣ ጸጥ ላሉት ትዕይንቶች አሁንም እሱን ነው የምጠቀመው። ግን ከመክፈቴ በፊት ፊልሙን ከነድምፁ፣ በራሱ ፍጥነት፣ እንደ ተመልካች ቁጭ ብዬ እጨርሰዋለሁ። ደብተር አጠገቤ አስቀምጬ የሚበረውንና ብልጭ የሚለውን ሁሉ ከነደቂቃው እጽፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የጀመርኩት ፊልም ላይ ዝርዝሩ እንዲህ ይላል፦ ሁለተኛው ሪል (የፊልም ጥቅልል) ዝናብ፣ ሦስተኛው ሪል ከደወሉ ማማ የሚነሱ ርግቦች፣ አምስተኛው ሪል ፍላጻ።