የካሳ ፋይል ፍለጋ፦ ለመሬት አስተዳደር ተመራቂዎች

የከተማ መሬትና ቋሚ ንብረት አስተዳደር የተማርኩት እዚሁ ጎጃም ነው። ትምህርቱን እወደዋለሁ። ቅየሳው ፀሐይ መቻል ነው እንጂ አይከብድም። ጂአይኤስ፣ ያ በኮምፒውተር ካርታ የሚሠራበት፣ በልምምድ ይመጣል። የሊዝ አዋጁን፣ ቁጥር 721/2004ን፣ ከሃንድአውት ሳይሆን ከራሱ ከነጋሪት ጋዜጣው አንብቡት።

ማንም ያላስጠነቀቀኝ የመመረቂያ ጽሑፉን ዳታ ነው።

ርዕሴ ከተማዋ ስትሰፋ መሬታቸው ለተወሰደባቸው ገበሬዎች የተከፈለው ካሳ ነበር። ትናንት ጤፍ የበቀለበት ማሳ ዛሬ ችካል ተተክሎበት ተሸንሽኗል። በድሮው አዋጅ 455/1997 ይዞታውን ለዘለቄታው ያጣ ገበሬ የሚያገኘው የማፈናቀያ ካሳ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ነበር። አዋጅ 1161/2011 ይህን ለወጠው። በዚህኛው አዋጅ መሬቱ ከመወሰዱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ይወሰድና በ15 ይባዛል። ይህ መሬት ላይ ሲወርድ እንዴት ይሰላል? ማየት የፈለግኩት ይህንን ነበር።

የትብብር ደብዳቤ ይዤ የከተማዋ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። «ደብዳቤው በእኛ ስም አልተጻፈም፣ አስቀይረህ ና» ተባልኩ። አስቀየርኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። እሳቸው ሲገኙ ባለሙያው መስክ ወጥቷል። ባለሙያው ሲመጣ ደግሞ ኃላፊው ካልመሩበት አይሆንም። መሩበት። ከዚያ የተመራው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቀረ። በመጨረሻ አንዱ «የካሳ ፋይል ሚስጥር ነው» አለኝ። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ሰዉ ተነስቷል፣ ምኑ ነው ሚስጥሩ? እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። እኔስ ለመመረቅ ነው። ያንን ፋይል ቅሬታ ለማቅረብ የሚፈልገው ገበሬ እዚያው ኮሪደር ላይ ከእኔ ጋር ቆሞ ይውል ነበር።

አማካሪዬ ርዕስ ቀይር አለኝ። አልቀየርኩም፤ በዚህ እኮራለሁ።

ከቢሮው ይልቅ ሰፈሩን ያዝኩ። አንድ አባት ጉዳዬን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ወረቀቱ እኛ ዘንድ እያለ ማንን ትለማመጣለህ ልጄ?» አሉኝ። ከሣጥን በፌስታል የተጠቀለለ ሰነድ አወጡ። የካሳ ማሳወቂያው፣ የንብረት ቆጠራ ቅጹ፣ የይዞታ ደብተሩ፣ ሁሉም አለ። ጎረቤቶቻቸውም እንደዚያው።

ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ሕጉ የሚለው ገበሬው ያገኘውን ከፍተኛ ገቢ ነው። ቅጾቹ ላይ ግን የሁሉም ምርት በሄክታር አንድ ዓይነት ነው፤ ጎበዙም ሰነፉም እኩል። የጤፉ ዋጋም የጥር ገበያ ነው፣ ምርት ገብቶ እህል በሚረክስበት ወር። ክረምት ላይ በደህና ዋጋ የሸጠ ሰው ገቢው ወረቀቱ ላይ የለም። ይህ ልዩነት በ15 ሲባዛ ስንት እንደሚሆን ራሳችሁ አስሉት።

የመመረቂያ ጽሑፍ መመሪያው መጀመሪያ ርዕስ አስጸድቅ፣ ከዚያ ዳታ ሰብስብ ይላል። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። ወረቀቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ፕሮፖዛል አትጻፉ። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» የሚለውን መጠይቅም ተዉት። መሬቱን ያጣን ሰው በካሳው ምን ያህል እንደረካ ከ1 እስከ 5 መጠየቅ ነውር ነው። ምን ዘሩ? የት ገበያ፣ በየትኛው ወር ሸጡት? ይህን ጠይቁ። በእርሻ ቀን አትሂዱ። በ12 ወይም በ21፣ ገበሬው በሬ በማይጠምድበት ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብትሄዱ ሰው ተረጋግቶ ያወራችኋል።

ዋናውን ሰነድ ከቤት ይዛችሁ እንዳትወጡ። እዚያው ፎቶ አንሱ፤ ስምና የካርታ ቁጥር ሸፍኑ። ስሌቱን ስትጨርሱም ውጤቱን ወስዳችሁ ለባለቤቱ አንብቡለት፤ ይግባኝ የሚል ከሆነ ያስፈልገዋል።