የነዳጅ ፓምፕ ሞጁል ከመግዛታችሁ በፊት አምፔሩን ለኩ

ለገሃር ላይ በደንብ የተነሳው የኔ ቮልስዋገን ጎልፍ 1.4 ቲኤስአይ ቸርችልን ሽቅብ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ጉልበት ያጣል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲነሳ ምንም ያልሆነ ይመስላል። አንዱ መካኒክ «ቤንዚኑ ውሃ አለበት» አለኝ፣ ሌላው «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ ቤንዚኑ መስመር ላይ እየተነነ ነው» አለ። ለሁለቱም ከፈልኩ። የነዳጅ ፓምፑ ሰልባትዮው ውስጥ ሆኖ ቤንዚኑን በግፊት ስለሚገፋው እንደ ድሮው የካርቡሬተር መኪና በቀላሉ አይተንም። ሲቀዘቅዝ ተነስቶ ሲግል የሚጠፋ መኪና መጀመሪያ በኤሌክትሪኩ ይጠርጠር።

የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ኮድ ፒ0087 ነበር፤ የነዳጅ ግፊት ማነስ ማለት ነው። ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ሞጁል ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ነው፦ ወንበሩን ማንሳት፣ ክዳኑን መፍታት፣ በቃ። በሮቹን ክፈቱ፣ ሲጋራ እንዳይታሰብ። ሞጁሉ ከግለቱ የተነሳ በእጅ አይያዝም ነበር።

ስለጋለ ቀየርኩት። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ያሳሳተኝ ቴስተሩን አለማወቄ ነው። ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ሽቦ ስለካ 7 ቮልት አሳየኝ፤ 12 መሆን ነበረበት ብዬ ሞጁሉ ላይ ፈረድኩ። ሞጁሉ ግን 12 ቮልቱን በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ እያበራና እያጠፋ ነው የሚልከው፤ ተራ ቴስተር የሚያነበው አማካዩን ነው። 7 ቮልት ማለት ከግማሽ በላይ ለሆነው ጊዜ በርቷል ማለት እንጂ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ያገለገለ ሞጁል ገዛሁ፣ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ፊደል የገጠመ። እሱም በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ዳገት መውጣት አቃተው።

ከዚያ በኋላ ነው ክላምፕ ሜትር፣ ሽቦውን ሳይቆርጡ ዙሪያውን ይዞ አምፔር የሚለካውን፣ የተዋስኩት። ዲሲ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ) የሚለካ መሆኑን አረጋግጡ፤ ርካሾቹ ብዙዎቹ ኤሲ (የቤቱን) ብቻ ስለሚለኩ እዚህ ዜሮ ነው የሚያሳዩት። ወደ ሞጁሉ የሚገባው 11 አምፔር ሆኖ ተገኘ። እኔ እንዲህ ላለ ፓምፕ ከ8 በላይ ሲሆን እጠረጥራለሁ። ሙቀቱ ከአምፔሩ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ቀጥሎ ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር። ሞተሩ እየሠራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ከሶኬቱ ጀርባ የማሳው ፒን ላይ ማድረግ ነው። 0.1 ቮልት ደህና ነው፣ 0.2ን እታገሳለሁ፤ የኔው 0.9 ነበር። በ11 ሲባዛ 10 ዋት ገደማ እዚያች ትንሽ ሶኬት ውስጥ እየነደደ ነው ማለት ነው። ፒኑ ቡናማ ሆኗል፣ መያዣውም ላልቷል። በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጋችሁ አትመልሱት፤ ሽፋኑ ተልጦ በወራት ውስጥ ያው ይሆናል። ቆርጬ አዲስ ተርሚናል (የሽቦ ጫፍ) በመጨፍለቂያ ፒንሳ አሰርኩ፤ ወደ 0.08 ወረደ።

አምፔሩ ግን አሁንም 10 ነበር። ፊልትሮ ቢቀየር ብዙም አልወረደም። ጥፋቱ የፓምፑ ነበር፦ አልቋል፣ ግፊቱን ለመጠበቅ ሞጁሉ ያለማቋረጥ ይገፋዋል፣ በዚያው ይግላል። አዲስ ፓምፕ ሲገባ 6 አምፔር። ኮዱ ሞጁሉን ቢጠቁምም፣ «ሞጁል ቀይር» ቢሉኝም፣ ከእንግዲህ ያለ እነዚህ ሁለት ልኬቶች አልገዛም።

የሞጁሉን ሙቀት በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለምትለኩ፦ ጥቁር ፕላስቲክ በትክክል ይነበባል፤ የሌላ መኪና ሞጁል ጀርባው የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ከሆነ ግን ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያሳያችኋል። ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፋችሁ ቴፑ ላይ ለኩ።

ፓምፑን የገደለው የማደያ ሰልፍ ይመስለኛል። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው የከበበው ቤንዚን ነው፤ እኔ ደግሞ የነዳጅ ማለቂያው መብራት ከበራ በኋላ ነበር ሞተር ሳላጠፋ ሰዓታት የምሰለፈው። አሁን ሩብ ሳይደርስ እሞላለሁ። የመጀመሪያው ሞጁል ተመልሶ ገብቷል፣ ይሠራል፤ የሶማሌ ተራው ኮመዲኖ ውስጥ ነው።