ባለ ሁለት ዓይኑ አስካሪ

ዛሬ ቸርችል ጎዳና ባለ አንድ የባህል ዕቃ መደብር ውስጥ አንዲት ሕፃን የዓድዋን ሥዕል እያየች «አባዬ፣ እነዚህ ለምን አንድ ዓይን ብቻ አላቸው?» ስትል ጠየቀች። አባትየው ሲያመነታ ባለመደብሩ ፈጠን ብለው «ጠላት ስለሆኑ ነው» አሏት።

መልሱ ትክክል ነው። በቤተ ክርስቲያን የሥዕል ወግ ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ የዓድዋ ሠዓሊዎችም ይህንኑ ሥርዓት ወስደው የምኒልክንና የጣይቱን ሠራዊት ፊት ለፊት፣ ጣሊያኖችን በጎን አሰልፈዋል። ማንበብ የማይችል ተመልካች እንኳ ወገኑን ለመለየት አይቸገርም።

እኔን ያቆመኝ ግን በጣሊያኖቹ ረድፍ ውስጥ ቀይ ታርቡሽ የተባለውን ቆብ ያጠለቀ አንድ አስካሪ፣ ማለትም በጣሊያን ጦር ውስጥ የተቀጠረ አፍሪካዊ ወታደር ነበር፤ ጠመንጃውን ወደ ምኒልክ ሠራዊት ደግኖ ሳለ ፊቱ ወደ እኛ ዞሯል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ተሥለዋል። ሠዓሊው ተሳስቶ ይሆን? አይመስለኝም፤ አጠገቡ ያሉት ሁሉ በጥንቃቄ አንድ አንድ ዓይን ብቻ ተሰጥቷቸዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ለጣሊያን ከተሰለፉት አስካሪዎች ብዙዎቹ ከመረብ ማዶ የመጡ፣ ከትግራይ ወታደሮች ጋር አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ። ከድሉ በኋላ ጣሊያናውያን ምርኮኞች ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ከተማረኩት አስካሪዎች የብዙዎቹ ቀኝ እጅና ግራ እግር ተቆርጧል። የከፋው ቅጣት የደረሰው ለቅርቡ ሰው ነበር፤ ዛሬም በየስልካችን አንድ ዓይን አድርገን የምንሥለው ባዕዱን ሳይሆን ጎረቤታችንን ነው።

ሸራው ላይ ስሙን ያልጻፈውን ሠዓሊ ባገኘው፣ ያንን ሁለተኛ ዓይን ከመጀመሪያው አስቦበት ይሁን ወይም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የጨመረው፣ እጠይቀው ነበር።